ከኤሲው በፊት ጣሪያው፦ ቆቦ ላይ የአንድ ቤት የሥራ ማስታወሻ

መጋቢት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

እኅቴ ለዒድ እንኳን አደረሳችሁ ለማለት ትናንት ከሪያድ ደውላ ነበር። ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ እናታችን ከሰዓት በኋላ በቤቱ ሙቀት ራሷን ስታ ከወደቀች ወዲህ የወሬያችን መቋጫ ሁልጊዜ አንድ ነው። «ገንዘቡን እኔ እልካለሁ፤ አንተ ብቻ ሙቀቱ ሳይጠና ለእማዬ ኤሲ አስገጥምላት» አለችኝ። እርሷ በምትኖርበት ከተማ ሰው ያለ ኤሲ አያድርምና ሐሳቧ ከፍቅርም ከልምድም የመጣ ነው። እኔም ሙቀት በዕድሜ የገፋ ሰው ላይ ምን እንደሚያደርስ በዓይኔ ስላየሁ ነገሩን እንደ ቅንጦት አልቆጠርኩትም። የለመንኳት እስከ አረፋ ድረስ ጊዜ እንድትሰጠኝ ብቻ ነው፤ በእነዚህ ሁለት ወራት ቤቱን ራሱን ለማብረድ እሞክራለሁ፣ ካልሆነልኝ ኤሲው ይገዛል። በዚሁ ተስማማን።

ጊዜ የጠየቅሁበት ምክንያት ከሙያዬ ጋር የተያያዘ ነው። ፊዚክስ ስለማስተምር ኤሲ ብርድ እንደማይፈጥር አውቃለሁ፤ ሙቀትን ከክፍሉ አንሥቶ ደጅ ይጥለዋል፣ ለዚህም ኤሌክትሪክ ይበላል፣ በቧንቧዎቹም ውስጥ ወደ አየር ካመለጠ ምድርን የሚያሞቅ ጋዝ ይዞራል። እንዲህ ያለውን ዕቃ ከማስገባቴ በፊት የምናስወጣው ሙቀት ከየት እንደሚገባ ማወቅ ፈለግሁ።

ቤታችን 7 ሜትር በ6 ሜትር የሆነ፣ ግድግዳው በእንጨትና በጭቃ የተሠራ፣ ከሃያ ዓመት በላይ ባገለገለ ቆርቆሮ የተከደነ ቤት ነው። ቆርቆሮው ከዝገቱ ብዛት ቡናማ መልክ ይዟል። ኮርኒሱ የተሰፋ ማዳበሪያ ሲሆን በሁለት ቦታ ተቀዷል። እናታችን የምትተኛበት ክፍል በምዕራብ በኩል በመሆኑ ከቀትር ወዲያ ከሚሰገደው ከአስር ሶላት በኋላ ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ አልጋው ድረስ ትደርሳለች።

መጋቢት 24 ቀን

ሦስት ቴርሞሜትሮች ከደሴ መጡልኝ። አንዱን ከማድ ቤቱ በስተ ሰሜን፣ ፀሐይ በማይነካው ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት፤ ሁለተኛውን በእናታችን ክፍል በአልጋው ከፍታ ልክ፣ ሦስተኛውን ደግሞ በተቀደደው ኮርኒስ አሾልኬ ከቆርቆሮው ሥር ከማገሩ ጋር አሰርኩት። ጠዋት 1 ሰዓት፣ ከቀኑ 7 ሰዓት፣ 9 ሰዓትና ማታ 3 ሰዓት ላይ እየተነበበ ይመዘገባል። እኔ ትምህርት ቤት በምሆንበት ሰዓት የእኅቴ ልጅ እንድትጽፍልኝ አስተማርኋት፤ ከእኔ ይልቅ እርሷ ሰዓት አክባሪ ናት።

መጋቢት 30 ቀን

የመጀመሪያው ሳምንት ልኬት ሞላ። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ በውጭው ጥላ 33 ዲግሪ ሲሆን በእናታችን ክፍል 36 ነው፤ ከቆርቆሮው ሥር ደግሞ 7 ሰዓት ላይ 57 ዲግሪ ደርሷል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ውጭው 18፣ ክፍሉ 23 ነው።

57 የሚለው ቁጥር ያስደነግጣል፤ ይበልጥ ያስተማረኝ ግን በ33ና በ36 መካከል ያለው ልዩነት ነው። ቤቱ የሚሞቀው የውጭው አየር ስለሚገባበት ብቻ ቢሆን ኖሮ ከውጭው አይበልጥም ነበር። ከውጭ የሚበልጥ ሙቀት ያለው ቤት የራሱ እሳት አለው ማለት ነው፤ የእኛ ቤት እሳት ከላያችን ተዘርግቷል።

ስሌቱን ለእናታችን በምጣድ አስረዳኋት። እኩለ ቀን ላይ ጥርት ካለ ሰማይ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚወርደው የፀሐይ ኃይል 1,000 ዋት ያህል ነው። ጣሪያችን በጥቂቱ 42 ካሬ ሜትር ስለሚሸፍን 42 ኪሎዋት ይወርድበታል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ተኩል ኪሎዋት ገደማ ይበላል፤ ስለዚህ በቀትር ጊዜ በራሳችን ላይ 12 ምጣድ ተጥዷል። ገበያ ላይ የሚገኘው መካከለኛ የቤት ኤሲ፣ 12 ሺህ ቢቲዩ የሚባለው፣ ከክፍል የማውጣት አቅሙ 3 ተኩል ኪሎዋት ያህል ነው፤ ይኸውም የአንድ ምጣድ እሳት መሆኑ ነው። ከጣሪያው የሚወርደው ሁሉ ወደ ክፍሉ አይገባም፤ ከፊሉን ነፋስ ይወስደዋል፣ ከፊሉም ወደ ሰማይ ይመለሳል። ቢሆንም ከላይ ያለውን አሥራ ሁለት ምጣድ ሳያወርዱ ከታች አንዱን ለማጥፋት መድከም ልክ እንዳልሆነ እናታችን ወዲያው ገባት። «ታዲያ ቀድመህ ላዩን አታጠፋውም ልጄ?» አለችኝ።

ሚያዝያ 4 ቀን

ዛሬ ከሁለት ነገሮች ጋር ተገናኘሁ፤ ሁለቱም በዚሁ በዋናው መንገድ ዳር የሆኑ ናቸው።

አንደኛው ጉዳይ ልፈጽም በገባሁበት መሥሪያ ቤት ነው። ውስጡ ስለሚበርድ ወረፋ የያዙት ሰዎች ነጠላቸውን ተከናንበዋል። ስወጣ የማሽኑ ውጫዊ ክፍል በግድግዳው ላይ በሰው ትከሻ ልክ ተሰቅሎ ወደ እግረኛው መንገድ እንደሚተነፍስ አየሁ፤ ከሥሩ አንዲት እናት ቲማቲምና ቃሪያ ጉልት ዘርግተው ተቀምጠዋል። ቴርሞሜትሬን ከትንፋሹ ፊት ብይዘው 46 ዲግሪ አነበብኩ። «እትዬ፣ ለምን ከዚህ ፈቀቅ አይሉም?» ብላቸው «ሌላው ጥላ ተይዟል፤ ቲማቲሙ ግን እስከ ማታ አይቆይልኝም» አሉኝ። በቀላሉ ላልፈው አልቻልኩም። ማሽኑ ከውስጥ ካነሣው ሙቀት በላይ፣ የበላውን ኤሌክትሪክ ጭምር ወደ ሙቀት ለውጦ ነው ወደ ውጭ የሚጥለው፤ ሦስት እጅ ቢያነሣ አራት እጅ ያወጣል። በአሜሪካ አሪዞና ግዛት በፊኒክስ ከተማ ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት ኤሲዎች የሚያወጡት ሙቀት የከተማውን የሌሊት አየር በአንዳንድ ቦታ ከ1 ዲግሪ በላይ እንደሚያሞቀው አሳይቷል። ቆቦ ገና እዚያ ደረጃ አልደረሰችም፤ ለእኒያ ባለ ጉልት ግን ደርሳለች።

ሁለተኛው በአንድ ማረፊያ ቤት ግቢ ያየሁት ነው። ማቀዝቀዣ የሚጠግን የቀድሞ ተማሪዬ የማያበርድ ኤሲ እየሠራ ነበርና ቆሜ ተመለከትኩት። «ቲቸር፣ ጋዙ አልቆበት ነው» አለኝና የቀረውን ጋዝ ለማውጣት የመዳቡን ቧንቧ ጫፍ በመፍቻ ላላ አደረገው። እንደ እባብ ፉጨት ያለ ድምፅ ወጣ፤ ነጭ ጉም ሽው ብሎ በመፍቻው ዙሪያ ተጠመጠመና ወዲያው ጠፋ። በዚያ ቀትር መዳቡ ላይ እንደ ጨው የነጣ አመዳይ ተጋግሮ ሲቀር በጣቴ ነካሁት፤ ያቃጥል ነበር። ጠቅላላው አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ጋዙን መልሶ የሚሰበስብ ማሽን እንዳለው ጠየቅሁት፤ እንኳን እርሱ ሊኖረው ቀርቶ ያሠለጠነውም ሰው አሳይቶት እንደማያውቅ ነገረኝ። ልጁን አልወቀስኩትም፤ ያልተማረውንና ያልተሰጠውን ከየት ያመጣል?

አንድ ነገር ግን አብረን ተነጋገርን። የኤሲ ጋዝ እንደ ነዳጅ እየተቃጠለ የሚያልቅ አይደለም። በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ እየፈላና እየቀዘቀዘ ሲመላለስ የሚኖር ስለሆነ፣ ማሽኑ ዕድሜውን ሙሉ በመጀመሪያው ጋዝ መሥራት ይችላል። «ጋዝ አለቀበት» የሚባለው ሁሉ የሆነ ቦታ እየሾለከ ነው። በየዓመቱ ጋዝ ማስሞላት የለመደ ሰው በየዓመቱ ያንኑ ጋዝ ወደ ሰማይ ይለቃል ማለት ነው።

ሚያዝያ 6 ቀን

ማታውን በስሌት አሳለፍኩ፤ ያገኘሁት ነገር ከጠበቅሁት የተለየ ስለሆነ በዝርዝር አስቀምጠዋለሁ።

ኤሲ ምድርን ይጎዳል ሲባል በብዙው ዓለም የሚታሰበው ኤሌክትሪኩ ነው። የዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2018 እንዳወጣው ኤሲና ቬንትሌተር በዓለም ላይ ከሚበላው ኤሌክትሪክ አንድ አሥረኛ ያህሉን ይወስዳሉ፤ በዚያን ጊዜ 1.6 ቢሊዮን የነበሩት ኤሲዎችም በ2050 5.6 ቢሊዮን ይደርሳሉ ተብሎ ይገመታል። እኅቴ በምትኖርበት አገር ኤሌክትሪክ በአብዛኛው የሚመነጨው ከነዳጅ ዘይትና ከተፈጥሮ ጋዝ ስለሆነ፣ ክፍሏ በበረደ ቁጥር አንድ ቦታ ላይ ጭስ ይወጣል።

የእኛ አገር ነገር ግን ሌላ ነው። ኤሌክትሪካችን በአብዛኛው ከውሃ የሚመነጭ ነው። ከዚሁ ከወሎ፣ ከላስታ ተራሮች የሚነሣው ተከዜ እንኳ 300 ሜጋዋት የሚያመነጭ ግድብ አለው። ስለዚህ በእኛ ቤት የሚሠራ ኤሲ በኤሌክትሪኩ በኩል የሚያመጣው ጭስ ጥቂት ነው። እናታችን ለምትተኛበት ክፍል 1.1 ኪሎዋት የሚበላ ኤሲ በቀን ስድስት ሰዓት፣ በሙቀቱ ወራት ለ90 ቀን ቢሠራ 600 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ይህ በድንጋይ ከሰል ቢመነጭ ኖሮ 600 ኪሎግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሆነ ነበር።

አሁን ጋዙን እንይ። ተማሪዬ በአብዛኛው የሚያጋጥመው አር 410 ኤ የሚባለው ነው። ከዚህ ጋዝ 1 ኪሎግራም ወደ አየር ቢለቀቅ በመቶ ዓመት ስሌት 2,088 ኪሎግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል ምድርን ያሞቃል። መካከለኛ የቤት ኤሲ የሚይዘው ወደ 1 ኪሎ የሚጠጋ ነው። እንግዲህ ያ በአንድ ደቂቃ ውስጥ በፉጨት ያለቀው ነገር፣ ማሽኑ ሙሉ ከሆነ፣ ያንኑ ኤሲ በከሰል ኤሌክትሪክ ሦስት በጋ ከማሠራት ይብሳል። በውሃ ኃይል ለሚኖር አገር የኤሲ ዋናው ዕዳ ቆጣሪው ላይ አይታይም፤ በመዳቡ ቧንቧ ውስጥ ነው ያለው። የቆጣሪውን ካርድ ስለምንሞላ እርሱን እናስባለን፤ ጋዙን ግን ማንም አያስከፍለንምና ማንም አያስታውሰውም።

ጋዞቹም አንድ ዓይነት አይደሉም። አሮጌዎቹ ማሽኖች የያዙት አር 22 ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ይልቅ ከ1,800 እጥፍ በላይ ከማሞቁ ሌላ የኦዞንን ሽፋን የሚያሳሳ ስለሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት እየተወገደ ነው። በእርሱ ምትክ የመጣው አር 410 ኤ ኦዞንን አይነካም፤ የምድርን ሙቀት ግን ያባብሳል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2016 ኪጋሊ ላይ እነዚህንም ለመቀነስ ስምምነት ተደረሰ። አዲሱ አር 32 ወደ 675 እጥፍ ዝቅ ይላል። አር 290 የሚባለው ደግሞ በቀላሉ ፕሮፔን ነው፤ የሚያሞቀው ከአምስት እጥፍ አይበልጥም፤ እሳት የሚይዝ በመሆኑ ግን በሠለጠነ እጅ መገጠም አለበት።

ውሃ ኃይልም ዕዳ የለውም ማለት አይደለም። በሰፈራችን አመሻሽ ላይ ሁለት ሦስት ቤት ምጣድ ሲጣድ መብራቱ ይደበዝዛል። እዚያው ትራንስፎርመር ላይ በየቤቱ ኤሲ ቢጨመር ምጣዱን ትቶ ወደ እንጨት የሚመለሰው ጎረቤት ነው፤ እንጨቱም የሚመጣው ከዞብል ተረተር ነው።

ሚያዝያ 10 ቀን

ሥራውን በርካሹ መንገድ ጀመርን። የኖራ ድንጋይ ማታ በበርሜል ነክረን አሳደርን፤ ጠዋት በአቡጀዴ አጥልለን ጨው ጨመርንበት፤ በመጥረጊያ ቆርቆሮውን ቀባነው። በነጋታው 7 ሰዓት ላይ ከቆርቆሮው ሥር 43 ዲግሪ ተነበበ። ከ57 ወደ 43 ማለት ነው፤ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ሚያዝያ 13 ቀን

በፋሲካ ማግሥት የበልግ ዝናብ ለአንድ ሰዓት ያህል ወረደና ኖራውን አጥቦት ሄደ። አሸንዳው ወተት የመሰለ ውሃ ሲያፈስ አየሁት። በጭቃ ግድግዳ ላይ ኖራ የሚይዘው ግድግዳው ስለሚመጠው ነው፤ የዛገ ብረት ግን የሚይዝበት ነገር የለውም። ይህን አስቀድሜ ማሰብ ነበረብኝ፤ ወደፊት ለሚሞክር ሰው እንዲጠቅም ጽፌዋለሁ። ይሁን እንጂ ሁለቱ የነጭ ቀናት ልኬት በእጄ ስላለ ድካሙ ከንቱ አልሆነም።

ሚያዝያ 14 ቀን

ዛሬ ተማሪዎቼን ወደ ሜዳው አውጥቼ ቀጥ ያለ እንጨት በቱንቢ አቁመን ጥላውን ተከታተልን። ቆቦ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 12 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ አጋማሽና በነሐሴ አጋማሽ፣ በትክክል በራሳችን ላይ ታልፋለች። ከ6 ሰዓት ከሩብ ጀምሮ ጥላው እያጠረ ሄደና 6 ሰዓት ከ20 ገደማ ሲሆን ከእንጨቱ ግርጌ ገብቶ ጠፋ። ልጆቹ የራሳቸውን ጥላ ፍለጋ ከእግራቸው ሥር አጎንብሰው ሲያዩ ነበር።

ለቤት ሥራ ይህ ትልቅ ትርጉም አለው። በሙቀቱ ወራት ፀሐይዋ በቀትር የምትመታው ግድግዳን አይደለም፣ ጣሪያን ነው። ግድግዳን ለማሳመር የምናወጣው ገንዘብ ሁሉ፣ እኔንም ጨምሮ፣ ወደማይቃጠለው አካል ይሄዳል። በራያና በትግራይ ደጋ የድሮ ሰዎች በሠሩት የድንጋይ ቤት፣ በሕድሞ ላይ ጣሪያው ወፍራም አፈር እንዲለብስ የተደረገው በከንቱ አይደለም፤ የቀኑ ሙቀት አፈሩን አልፎ ሳይገባ ይመሻል። ቆርቆሮ ለዝናብ መልካም ሆኖ መጣ፤ ከአፈሩ ጋር የሄደውን ጥላ ግን አልተካልንም።

ሚያዝያ 20 ቀን

ቀለሙን ጨረስን። ለሦስት ቀን ዝገቱን በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግን፤ ቀጥሎ ዝገት የሚከላከለውን አንቲረስት አንድ እጅ፣ ከዚያም ለውጭ የሚሆን ነጭ ቀለም ሁለት እጅ ቀባን። ሁለቱ እጅ ነጭ ሦስት ጋሎን ፈጀ። ከጣሪያው የሚወርደውን የዝናብ ውሃ እናታችን ለዉዱ፣ ማለትም ለሶላት ትጥበት፣ እና ለልብስ ስለምትጠቀምበት እርሳስ የሌለበት ቀለም መሆኑን አረጋግጬ ነው የገዛሁት፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዝናቦችም እንደፋለን። አሮጌ ቆርቆሮ ላይ የምትወጡ ሰዎች ከሚስማሩ መስመር ውጭ አትርገጡ፣ ጣውላ አንጥፉ፤ ቀቢያችን አንድ እግሩ ሊሰምጥበት ሲል ጣውላው አድኖታል።

ብዙዎች አዲስ የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ ማልበሱ አይሻልም ወይ ብለውኛል። አዲስ ቆርቆሮ ብርሃንን ይመልሳል፤ ነገር ግን የዋጠውን ሙቀት መልሶ ወደ ሰማይ የመልቀቅ ጠባይ የለውም፤ ስለዚህ ሲነኩት ይፋጃል። ነጭ ቀለም ሁለቱንም ያደርጋል፤ ከሚወርድበት ብርሃን አብዛኛውን ይመልሳል፣ የዋጠውንም ጥቂት በቀላሉ ይለቃል።

ሚያዝያ 27 ቀን

ከቆርቆሮው ሥር 7 ሰዓት ላይ 41። በክፍሉ 9 ሰዓት ላይ 34፤ በውጭ ደግሞ 34። ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቱ ከውጭው እኩል ሆነ።

ግንቦት 6 ቀን

ኮርኒሱ ተሠራ። እኔ በማዳበሪያው ላይ የጤፍ ጭድ በጆንያ ሞልቼ ልደረድር አስቤ ነበር። አናጺው አዛውንት ናቸው፤ ሐሳቤን ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁና «ልጄ፣ እዚያ ላይ የመብራት ገመድ አለ፤ ጭድ ካለ አይጥ አለ፤ አይጥ ካለ ገመዱ ይበላል። ከዚያ ወዲያ ኤሲም አያበርደው» አሉኝ። «እውነትዎን ነው አባባ» ብዬ ተውኩት። በእርሳቸው ምክር በሞራሌ ላይ ችፑድ መታን፤ ከችፑዱ በላይ አሮጌውን ማዳበሪያ አጥበን በሁለት ድርብ ወጥረን በመካከሉ የአራት ጣት ክፍተት ተውን፤ ከቆርቆሮው ሥር ደግሞ በምሥራቅና በምዕራብ በኩል ወፍና አይጥ እንዳይገባ በወንፊት ሽቦ የተከደነ መተንፈሻ ከፈትን። በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ያለው አየር በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል። አዛውንቱ ክርታስ አጭሰው ከአንዱ አፍ ሲያስጠጉት ጭሱ ወደ ውስጥ ተሳበ፤ ከወዲያኛው በኩል ቆሜ ሽታውን ሳሸት የሠራነው ነገር እንደሚሠራ አወቅሁ።

ግንቦት 12 ቀን

የምዕራቡን መስኮት በሰሌን ከለልነው፤ ሰሌኑን ከውስጥ ሳይሆን ከውጭ ሰቀልነው። መጋረጃ ከውስጥ ሲሆን ፀሐይዋ መስታወቱን አልፋ ገብታለችና መጋረጃው ራሱ ሞቆ ክፍሉን ያሞቃል። ማታ 3 ሰዓት ሲሆን መስኮቶቹ ይከፈታሉ፤ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ይዘጋሉ። የጭቃ ግድግዳ ሌሊት የጠጣውን ቅዝቃዜ እስከ ቀትር ይዞ ስለሚቆይ ይህን መርሐ ግብር መጠበቅ ከቀለሙ የሚያንስ ጥቅም የለውም። እናታችን ቀን መስኮት መዝጋቱን መጀመሪያ አልወደደችውም፤ ከሦስት ቀን በኋላ ግን ራሷ እየተነሣች ትዘጋው ጀመር።

50 ዋት የሚበላ ቬንትሌተርም ገዝተናል። በቀን ስምንት ሰዓት ለ90 ቀን ቢዞር 36 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ የኤሲው ግን 600 ነበር። ቬንትሌተር አየሩን አያቀዘቅዝም፤ ላብን በማድረቅ ሰውነትን ያቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ሰው በሌለበት ክፍል ማዞር ትርፉ ብክነት ነው። የአየሩ ሙቀት ከቆዳችን ሙቀት፣ ከ35 ዲግሪ ገደማ፣ አልፎ በሄደ መጠንም ጥቅሙ እየቀነሰ ይመጣል።

ግንቦት 20 ቀን

እስካሁን ከመዘገብናቸው ሁሉ የከፋው ቀን ዛሬ ነው። በውጭ ጥላ 37። መብራትም ከጠዋት ጀምሮ የለም፤ ኤሲ ቢኖረንም ዛሬ አይሠራም ነበር። ክፍሉ 9 ሰዓት ላይ 33 ተኩል ነው። በመጋቢቱ ልክ ቢሄድ 40 ሊደርስ ይችል ነበር። እናታችን እርጥብ ፎጣ በትከሻዋ ላይ አድርጋ፣ ከእንስራው ቀዝቃዛ ውሃ እየጠጣች ዋለች። 33 ተኩል ግን አሁንም ለእርሷ ዕድሜ ምቹ አይደለም፤ ይህን ከመዝገቡ መደበቅ አልፈልግም። ጣሪያው ሥራውን ሠርቷል፤ የቀረው ከጣሪያ አቅም በላይ ነው።

ግንቦት 29 ቀን፣ አረፋ

ቤቱ በሰው ተሞላ። ከሶላት መልስ ጎረቤቱም ዘመዱም ገብቶ አሥራ ሰባት ሰው ሆንን፤ ቡናው አቦል ቶና በረካ እስኪል ድረስ ማንም ወደ ዛፉ ሥር አልወጣም። ባለፈው ዓመት አረፋ ላይ እንግዶቹን ያስተናገድነው ደጅ ነበር። የእኅቴ ልጅ ከሰው መሐል ተሾልካ ወጥታ 9 ሰዓቱን አነበበች፤ ውጭው 36፣ ክፍሉ 33፣ ያም ከአሥራ ሰባት ሰው ትንፋሽ ጋር ነው።

እኅቴ በምስል ደወለች፤ ስልኩን ለእናታችን ሰጠሁ። «አብሽሪ ልጄ፣ ዘንድሮ አልሐምዱሊላህ ተንፍሻለሁ» አለቻት። እኅቴ ግን የእኔን ቁጥር አጥብቃ ጠየቀችኝ፤ የግንቦት 20ውንም ነገርኋት። ተነጋግረን የወሰንነው ይህ ነው። ኤሲው ዘንድሮ አይገዛም። የክፍሉ ሙቀት በተከታታይ ሦስት ቀን ከ35 ካለፈ፣ ወይም ሐኪሟ ካዘዘ፣ ያኔ ይገዛል፤ ሲገዛ አር 290 ካልተገኘ አር 32 የያዘ፣ ለአንዷ ክፍል ብቻ የሚበቃ አነስተኛው ይሆናል፤ በ26 ዲግሪ ላይ ይሠራል፤ ውጫዊው ክፍል ሰው በማይቀመጥበት በጓሮው ከፍ ብሎ ይሰቀላል፤ መገጣጠሚያዎቹ በሳሙና አረፋ ተፈትሸው እንደማያፈሱ ሳይታይ ጋዝ አይከፈትም። እኅቴ ለኤሲው ካስቀመጠችው ገንዘብ ጥቂቱን ለተማሪዬ የጋዝ መሰብሰቢያ ሲሊንደር መግዣ እንዲሆን ፈቀደች፤ መሰብሰቢያ ማሽኑ ውድ ስለሆነ በጋራ እንዲገዙት ከሌሎቹ ጠጋኞች ጋር እየተነጋገረ ነው።

ከራያ ሜዳ የሚነሣው አቧራ ነጩን ቀለም ስላደበዘዘው ከቆርቆሮው ሥር ያለው ልኬት ከ41 ወደ 44 ከፍ ብሏል፤ ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ በውሃና በመጥረጊያ እናጥበዋለን። ሐምሌ ሲገባ ከምዕራቡ መስኮት አራት ሜትር ርቆ የሚተከለው የኒም ችግኝ በጓሮ አድጎ ጉልበቴን አልፏል። ከቀለሙ ግማሽ ጋሎን ተርፎ ነበር፤ የጎረቤታችን ባለቤት ዛሬ ቡና ላይ ሳለች ለልጆቿ መኝታ ጣሪያ ጠይቃኝ ወስዳለች፤ ከቆርቆሮው ሥር የሚታሰረውን ቴርሞሜትርም አብሬ ሰጥቻታለሁ፤ ሳይቀቡ አንድ ሳምንት እንዲመዘግቡ ነግሬያታለሁ።